የሞተረኛ ባር የሚከፍቱት እነማን ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰንጋ ተራ አካባቢ እናታችን እኛን ያሳደገችባት ትንሽ ግሮሰሪ አለችን። አሁን እሷ ስለደከማት እኔና ወንድሜ ይዘናታል። ወንድሜ ነፍሱ ሞተር ነው፣ የሚውለውም ከዴሊቨሪ ልጆች ጋር ነው። ሰሞኑን «ቤቷን የሞተረኛ ባር እናድርጋት፣ ውጭ አገር እኮ አለ» ብሎ ተነሣ። እናቴ ደግሞ «ቤቴን የዱርዬ መሰብሰቢያ ልታደርጉት!» ብላ ይኸው ካኮረፈች ሳምንት ሆናት። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ቤት የሚከፍቱት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ከየትስ ተነሥተው ነው?
መሃል የገባሁት እህት

መልስ፦ እህቴ፣ በእናትሽ አትፍረጂ። ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሶ ጠርሙስ የሚሰብር ፈረንጅ በፊልም ያላየ የለም። የባለቤቶቹን ታሪክ ስትሰሚ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከለንደን ልጀምርልሽ። ኤስ ካፌ የሚባል ቤት አለ፣ በሰሜኑ ቀለበት መንገድ ዳር፣ በፈረንጆቹ 1938 የተከፈተ። ሲከፈት ለሞተረኛ ታስቦ እንዳይመስልሽ፣ መንገድ ላይ ለሚያድሩ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነው። ሻይና ትኩስ ምግብ፣ ሌሊቱን ሙሉ። በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ መታው፣ በ1949 እንደገና ተሠራ። ባለ ሞተር ወጣቶች የወረሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ጨዋታቸው የሚወራው ደግሞ ጉድ ነው። አንዱ የሙዚቃ ሣጥኑ ውስጥ ሳንቲም ይጥላል፣ ዘፈኑ ሲጀምር እየሮጠ ወጥቶ ሞተሩን ያስነሣል፣ ከዚያ ዘፈኑ ሳያልቅ የተባለው ቦታ ደርሶ መመለስ አለበት። በሰዓት 100 ማይል የነካ፣ በእኛ 160 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ እሱ ጀግና ነው። (ወንድምሽ ይቺን አንቀጽ ባያነባት ደስ ይለኛል።)

ቤቱ በ1969 ተዘጋና የጎማ መሸጫ ሆነ። መልሶ ሊከፍተው የተነሣው ሰውዬ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፖሊስ! ማርክ ዊልስሞር ይባላል፣ ፖሊስ ነበር። በ1994፣ ቤቱ የተዘጋበት 25ኛ ዓመት ሲደርስ፣ የድሮዎቹን ደንበኞች ኑ እንገናኝ ብሎ ጠራ። ሞተረኛው በሺዎች ጎረፈ። እንዲያም ሆኖ ቤቱ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2001 ነው። ሰባት ዓመት አስቢው። እኔ ሁለተኛው ላይ ተስፋ ቆርጬ ጎማ እሸጥ ነበር።

አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ሮክ ስቶር የሚባል የድንጋይ ቤት አለ። ኤድ እና ቬሮኒካ ሳቭኮ የሚባሉ ባልና ሚስት በ1961 ገዙት። ሱቅ ነው የገዙት። ሆኖም ቤቱ ያለበት የተራራ መንገድ ጥምዝምዝ ነው፣ ሞተረኛ ደግሞ ጥምዝምዝ ሲያይ አያልፍም፣ ስለዚህ ደንበኛው በራሱ እግር መጣላቸው። እነሱም ሳያባርሩ ቁርስ አበሉት። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ከዚህ የባሰ ልስማ ካልሽ ማይክል ባላርድን እዪ። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ስተርጂስ በምትባል ትንሽ ከተማ በየዓመቱ የሞተረኛ በዓል አለ፣ እሱም እዚያ ትልቅ ባር ነበረው። በ2015 እሳት በላው። በዓመቱ ሌላ ቦታ ላይ ከፈተ። ለአጭር የበዓል ሰሞን ብለሽ ዓመቱን ሙሉ መዘጋጀት፣ ከዚያ ሁሉም አመድ ሲሆን እንደገና ሀ ብሎ መጀመር፣ ይሄ ትንሽ ዕብደትም ይጠይቃል።

የዱርዬ ስሙ ከየት መጣ ካልሽ፣ ብዙው የሚነሣው በ1947 ሆሊስተር በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ከተፈጠረ ረብሻ ነው። አንድ ታዋቂ መጽሔት ሞተር ላይ ተንፈላሶ ቢራ የያዘ ሰው ፎቶ አወጣ፣ ከሥሩ ባዶ ጠርሙስ ተከምሯል። ፎቶው ተቀነባብሮ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ስሙ ግን ቀረ። እርግጥ እውነተኛ ወንበዴ ቡድኖችም አሉ፣ ይሄን ከእናትሽ አትደብቂ።

አሁን ወደ ሰንጋ ተራ እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ ሞተር እንደ ልብ የሚነዳ ነገር አይደለም፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የእናንተ ደንበኛ ሥራ ላይ ያለ ልጅ ነው። በሁለት ትዕዛዝ መሃል አሥራ አምስት ደቂቃ ቢያገኝ ነው፣ ዓይኑም ስልኩ ላይ ነው። ቢራ አይጠጣም፣ መጠጣትም የለበትም። ማኪያቶ፣ ፉል፣ የስልክ ቻርጅ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ይሄን ስጡት። ሄልሜቱን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል፣ ማኪያቶው ጥግ ተገፍቶ ሊወድቅ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ ማንጠልጠያ ምቱ። ክረምት ላይ ደግሞ የሞተሩን ወንበር በፌስታል ሸፍኖ ይገባል፣ ሲወጣ ፌስታሉ በርሮ ወንበሩ ውኃ ይዞ ያገኘዋል። በር ላይ አንድ ጨርቅ ብትሰቅሉለት ነገ ይመለሳል።

ሞተሩ ደግሞ ከተቀመጠበት ቦታ መታየት አለበት። እኔ አንዴ ለአንድ ቡና ዞር ብዬ ስወጣ ሁለቱም ስፖኪዮ የለም። ቡናውን እስካሁን አልረሳሁትም፣ ውድ ነበር።

እናትሽን ባር ነው አትበያቸው። «ቁርስ ቤት ነው፣ ፉሉን አንቺ ታሳዪናለሽ» በያቸው። ወንድምሽን ደግሞ ሞተሮቹ የት ነው የሚቆሙት ብለሽ ጠይቂልኝ። አሥር ሞተር የሚይዝ ደጅ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እመጣለሁ።