አንድ ሰርቲፊኬት ለስንት ዶሜይን? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍል። በአንድ ሰርቨር ላይ የስምንት ዶሜይኖችን ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። ሦስቱ የአንድ ድርጅት ናቸው፤ አምስቱ ግን የተለያዩ ደንበኞች ናቸው። ያለኝ የአይፒ አድራሻ አንድ ብቻ ነው። ብሮውዘር ድረ ገጹን አምኖ ግንኙነቱን እንዲያመሰጥር የሚያስችለውን ሰርቲፊኬት የማወጣው በነጻ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት ነው። ስምንቱንም በአንድ ሰርቲፊኬት ልሸፍን ወይስ ለየብቻ ላውጣ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የድርጅቱን ሦስት ዶሜይኖች በአንድ ሰርቲፊኬት ያድርጓቸው፤ ለአምስቱ ደንበኞች ግን ለየብቻ ያውጡላቸው። አይፒው አንድ መሆኑ አያግድዎትም። ብሮውዘር ግንኙነት ሲከፍት የሚፈልገውን ስም ከመነሻው ለሰርቨሩ ይነግራል፤ ይህ አሠራር ኤስኤንአይ ይባላል። ድረ ገጹን የሚያቀርበው የሰርቨር ፕሮግራም፣ ኢንጂንኤክስም ሆነ አፓቺ፣ ስሙን አይቶ የዚያን ዶሜይን ሰርቲፊኬት ያቀርባል። ይህን የማይችለው በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የነበረውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የመሰለ አሮጌ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ ለእሱ ተብሎ የሚደረግ ነገር የለም።

የተለያዩ ደንበኞችን አንድ ላይ ማሰር የሚጎዳው በእድሳት ጊዜ ነው። ሰርቲፊኬት ሰጪው በዝርዝሩ ያለው እያንዳንዱ ስም በእጅዎ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። አንዱ ደንበኛ የዶሜይን ክፍያውን ቢረሳ ወይም ዲኤንኤሱን (የዶሜይን ስምን ወደ ሰርቨር አድራሻ የሚመራውን መዝገብ) ወደ ሌላ ቦታ ቢያዞር የእሱ ስም ማረጋገጫውን ያጣል፤ በእሱ ምክንያት የሌሎቹም አይታደስም። ይባስ ብሎ ችግሩ ያን ዕለት አይታይም። የሌትስ ኢንክሪፕት የተለመደው ሰርቲፊኬት ዕድሜ 90 ቀን ሲሆን ሰርቲፊኬቱን የሚያወጣልዎትና የሚያድስልዎት ፕሮግራም ሰርትቦት ማደስ የሚጀምረው 30 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። እድሳቱ በየቀኑ እየከሸፈ አሮጌው ሰርቲፊኬት አንድ ወር ያህል ይሠራል፤ ከዚያ ስምንቱም ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ሌትስ ኢንክሪፕት የማብቂያ ማስታወሻ ኢሜይል መላክ ያቆመው እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ስለሆነ የማብቂያውን ቀን የሚከታተል መሣሪያ ራስዎ ያስፈልግዎታል። በዚያ ላይ አንድ ሰርቲፊኬት ማለት አንድ የግል ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ከተሰረቀ የስምንቱም ሰርቲፊኬት ይሰረዛል። ማንኛውም ጎብኚ ሰርቲፊኬቱን ከፍቶ የሁሉንም ደንበኞችዎን ስም ማንበብም ይችላል።

ወደ ሦስቱ ዶሜይኖች እንምጣ። ከፊቱ ሦስቱ ዳብልዩ (www) ያሉበትና የሌሉበት የዶሜይን አድራሻ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ስለዚህ ሦስት ዶሜይን ማለት ስድስት ስም ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት በመደበኛው አሠራሩ በአንድ ሰርቲፊኬት እስከ 100 ስም ይፈቅዳል። ስድስቱም «ሰብጀክት ኦልተርኔቲቭ ኔም» በሚባለው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ክሮም እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 58ኛ እትሙ ጀምሮ ስም ይጻፍበት የነበረውን የድሮውን «ኮመን ኔም» የሚባል ቦታ ጨርሶ አያየውም።

ሰርትቦትን ሰርቲፊኬቱን እንዲያወጣ ከማዘዝዎ በፊት የስድስቱም ስሞች የኤ ሪከርድ (የአይፒ አድራሻውን የያዘው የዲኤንኤስ መስመር) ወደ ሰርቨርዎ ማመልከቱንና ሌትስ ኢንክሪፕት ለማረጋገጥ የሚገባበት ፖርት 80 ክፍት መሆኑን ይዩ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አይፒቪ6 የሚባለውን አዲሱን ዓይነት አድራሻ የሚይዘውን የኳድ ኤ ሪከርድ ነው። ከቀድሞ አስተናጋጅ የቀረ የአይፒቪ6 አድራሻ ካለ ሌትስ ኢንክሪፕት መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል፤ እዚያ ሌላ ሰርቨር መልስ ከሰጠ ማረጋገጫው ይወድቃል፣ እርስዎ ግን በብሮውዘርዎ ድረ ገጹ ደህና ሆኖ ይታይዎታል። ከዚያ በሰርትቦት «ሰርትኦንሊ» ትዕዛዝ ላይ «ድራይ ረን» ጨምረው ይሞክሩ። ሙከራው ከእውነተኛው ኮታ አይቀንስም፤ በእውነተኛው አገልግሎት ግን ለአንድ ስም በሰዓት ከአምስት ጊዜ በላይ ከከሸፈ ለጊዜው ይታገዳሉ።

ሙከራው ካለፈ «ሰርት ኔም» በሚለው አማራጭ ለሰርቲፊኬቱ ቋሚ መጠሪያ ሰጥተው ያውጡት። ኋላ ሰባተኛ ስም ሲጨምሩ በዚያው መጠሪያ ሰባቱንም ስሞች እንደገና ይጻፉ። አዲሱን ብቻ ከጻፉ ሰርትቦት የሚያወጣው የአንዱን ስም ሰርቲፊኬት ነው፤ የቀድሞዎቹ ስድስቱ ከዝርዝሩ ይሰረዛሉ። ከመተካቱ በፊት የሚሰረዙትን ስሞች ዘርዝሮ ይጠይቃል፤ ሳያነቡ «እሺ» አይበሉ።

ጥያቄ፦ ዋይልድካርድ ሰርቲፊኬት አወጣሁ። ሰብዶሜይኖቼ ይሠራሉ፤ ዋናው ዶሜይን ግን «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ለምን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ዋይልድካርድ ማለት ከዶሜይኑ በፊት ኮከብ (*) ያለበት ሰርቲፊኬት ነው፤ ኮከቧ የምትተካው ከዶሜይኑ በፊት ያለችውን አንዲት ክፍል ብቻ ነው። «ሜይል» ወይም «ሱቅ» የሚል ሰብዶሜይን ይሸፈናል፤ ባዶው ዋና ዶሜይን ግን አይሸፈንም፣ ሁለት ደረጃ የወረደ ሰብዶሜይንም እንዲሁ። መፍትሔው ሁለቱንም ስሞች፣ ዋናውንም ባለኮከቡንም፣ በአንድ ሰርቲፊኬት መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ዋይልድካርድ በዲኤንኤስ ብቻ ነው የሚረጋገጠው። ሁለቱም ስሞች በዲኤንኤስ ሲረጋገጡ «አክሚ ቻሌንጅ» በሚል አንድ ስም ሥር ሁለት የቲኤክስቲ ሪከርዶች (ጽሑፍ የሚይዙ የዲኤንኤስ መስመሮች) ይጠየቃሉ። ሁለተኛውን ሲያስገቡ የመጀመሪያውን አይተኩት፤ ሁለቱም ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። ሪከርዱ ተሰራጭቶ መታየቱን ከውጭ ሳያዩም «ቀጥል»ን አይጫኑ። ይህን በእጅ እየሠሩ መኖር አይቻልም፤ የዲኤንኤስ አቅራቢዎ ኤፒአይ (ፕሮግራም ሪከርዶችን በራሱ የሚቀይርበት መንገድ) ካለው ተገቢውን የሰርትቦት ፕለግኢን ይጫኑ። ከሌለው ያችን አንዲት የ«አክሚ ቻሌንጅ» ስም አንድን ስም ወደ ሌላ ስም በሚመራው በሲኔም ሪከርድ ኤፒአይ ወዳለው ሌላ የዲኤንኤስ ዞን ማዞር ይቻላል፤ የተቀረው ዲኤንኤስ ከነበረበት አይነቃነቅም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት የሦስት ዶሜይን ሰርቲፊኬት በኮምፒውተር ይሠራል፤ በአንዳንድ ስልኮች ግን አይታመንም ይላል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የእርስዎን ሰርቲፊኬት ብሮውዘሩ ከሚያምነው ሰጪ ጋር የሚያያይዘው መካከለኛው ሰርቲፊኬት ጎድሏል። የኮምፒውተሩ ብሮውዘር ከሌላ ቦታ አግኝቶ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ ግን የለውም። የራስዎን ሰርቲፊኬት መጀመሪያ፣ ሻጩ «ባንድል» ብሎ የላከውን ከሥሩ አድርገው በአንድ ፋይል ያጣምሯቸው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ኢንጂንኤክስ ቁልፉና ሰርቲፊኬቱ አይገጣጠሙም ብሎ አልነሳም ይላል። በሰርትቦት ለሚያወጡ ሰዎች የተዘጋጀው ፋይል «ፉልቼይን» ይባላል፤ «ሰርት» የሚለውን አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ሰርቲፊኬት ሊቀር ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። የሰርቲፊኬት ሰጪዎችና የብሮውዘር አምራቾች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ወስኖበታል። 398 ቀን የነበረው ከፍተኛው ዕድሜ እ.ኤ.አ. ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚወጡት 200 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2027 ጀምሮ 100 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2029 ጀምሮ ደግሞ 47 ቀን ይሆናል። ሻጭ «የሦስት ዓመት» ቢልዎት የሚሸጥልዎት የክፍያ ውል ነው፤ ሰርቲፊኬቱ በየጊዜው ተለውጦ መጫን አለበት። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አክሚ በሚባለው ሥርዓት በራሱ ይታደስ እንደሆነ ይጠይቁ። ከታደሰ በኋላ ሰርቨሩ አዲሱን ፋይል እንዲያነብም የ«ሪሎድ» ትዕዛዝን በሰርትቦት «ዲፕሎይ ሁክ» ላይ ያስገቡ፤ ያለዚያ ፋይሉ አዲስ ሆኖ ሳለ ኢንጂንኤክስ አሮጌውን ማቅረቡን ይቀጥላል።