እንቁላል በል እባብ ለማሳደግ ለተነሣችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

እባብ በማርባት ሥራ ጥቂት ዓመታት የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ዓይኑ ሌላው ወደማይደፍረው ዝርያ ማማተሩ አይቀርም፤ እኔንም በወጣትነቴ ያገኘኝ ይኸው ነው። ባለሙያዎች ዳሲፔልቲስ ስካብራ ስለሚሉት እንቁላል በል እባብ፣ በተለይም አዲስ ስለተፈለፈሉ ግልገሎቹ የምትጠይቁኝ እየበዛችሁ ስለመጣችሁ፣ ለየብቻ ከምመልስላችሁ ብዬ የማውቀውን ባንድ ላይ አስፍሬላችኋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የምለው የዚህን እባብ ግልገል ማሳደግ ማለት በአመዛኙ ወፍ ማርባት ማለት መሆኑን ነው። ወፎቹ እንቁላል መጣል ሳይለምዱ የእባቡን እንቁላል ማስፈልፈያ ውስጥ ያስገባ ሰው እየሮጠ የታጠቀ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል።

ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ያወጣለት ይህ እባብ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው ሰፊ የአፍሪካ ክፍል ይኖራል። መርዝ የለውም፤ ጥርሶቹም አሉ ለማለት የማያስደፍሩ ጥቃቅን ናቸው። ምግቡ የወፍ እንቁላል ብቻ ነው። ሌሎች እባቦችን የሚያረባ ሰው አልበላም ያለ ግልገል ሲገጥመው የሚሞክራቸው ዘዴዎች፣ ማለትም አዲስ የተወለደ አይጥ ማቅረብ ወይም የእንሽላሊት ጠረን መቀባት፣ እዚህ አይሠሩም። እባቡ እንቁላሉን እንዳለ ይውጠዋል፤ አንገቱ አካባቢ ሲደርስ ከአከርካሪ አጥንቶቹ ሥር ወደ ጉሮሮው የገቡ ሹል ጉጦች ቅርፊቱን ይሰነጥቁታል፤ ፈሳሹ ወደ ሆድ ይወርዳል፤ የተጨፈለቀው ቅርፊት ተመልሶ በአፍ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ለአዋቂው እባብ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው ግልገሉ ላይ ነው። ከእንቁላሉ ሲወጣ ርዝመቱ ቢበዛ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ውፍረቱ ከእርሳስ ያንሳል። 10 ግራም ያህል የሚመዝነው የጃፓን ድርጭት እንቁላል ለእሱ ተራራ ነው። አፉ የሚችለው ዜብራ ፊንች የምትባለው ትንሽ ወፍ የምትጥለውን፣ 1 ግራም ያህል የሚመዝነውንና ርዝመቱ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን እንቁላል ነው። እንዲህ ያለውን እንቁላል በፈለጋችሁት ሰዓት ሄዳችሁ የምትገዙት አይደለምና ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። አንዲት ፊንች በአንድ ዙር ከ4 እስከ 6 እንቁላል፣ በቀን አንድ አንድ እያደረገች ትጥልና መታቀፍ ትጀምራለች። 10 ግልገሎች ቢኖሯችሁና ለእያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ እንቁላል ብትመድቡ፣ 6 ጥንድ ወፎች በየ3 ሳምንቱ አምስት አምስት ቢጥሉላችሁ ነው በጭንቅ የምትደርሱት። በዚያ ላይ እንቁላሏ በተወሰደ ቁጥር ሌላ ለመጣል የምትገደድ ወፍ የሰውነቷ ካልሲየም ተሟጥጦ ትደክማለች፤ አንዳንዴም እንቁላሉ አልወጣ ብሎ ሆዷ ውስጥ እንደቀረ ትሞታለች። ስለዚህ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ከፊታቸው አይጥፋ፤ ጥንዶቹን እያፈራረቃችሁ የምታሳርፉበት ትርፍ ቁጥርም ይኑራችሁ። እባቡን ለማጥገብ ወፏን መጨረስ ለእኔ ሙያ አይደለም።

እኔ ይህን ሒሳብ የሠራሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ11 እንቁላሎች 9 ግልገሎች ተፈለፈሉልኝ፤ ወፍ ግን አንድም አልነበረኝም። ከአንድ ወፍ አርቢ ለምኜ ያመጣኋቸውን የፊንች እንቁላሎች፣ ንጽሕና መጠበቄ መስሎኝ፣ በሳሙና አጠብኳቸው። ማታ በየሣጥኑ አንድ አንድ አስቀምጬ ጠዋት ሳይ ሁሉም እንደነበሩ ናቸው። በሚቀጥሉትም ቀናት ግልገሎቹ ምላሳቸውን ብልጭ እያደረጉ ይጠጉና በእንቁላሉ ላይ ተሻግረው ይሄዳሉ። ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦ ለሳምንታት ከሱ። ይህ እባብ ለመብላት የሚወስነው በጠረን ነው፤ የበሰበሰውን ወይም ጫጩቱ ውስጡ የገፋውን እንቁላል ለይቶ የሚተወውም በዚሁ ነው። እኔ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ጠጠር ነበር ያቀረብኩላቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን ሰምቶ ከወፍ ጎጆ ውስጥ የወጣ ሣርና ላባ በከረጢት ባያመጣልኝ ኖሮ፣ የተረፉልኝ ሁለቱም ባልተረፉ ነበር።

ስለ ማስፈልፈሉ ብዙ አልልም፤ ከሌሎች እንቁላል ጣይ እባቦች የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። እርጥብ ቬርሚኩላይት (ውኃ የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ)፣ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ የማይዋዥቅ ሙቀት፣ ከሁለት ወር የሚያልፍ ትዕግሥት ይበቃል። እንቁላሎቹን እናትየው በጣለችበት አኳኋን ተዉአቸው፤ እንደ ዶሮ እንቁላል አይገለበጡም። ግልገሉ ቅርፊቱን ቀድዶ ጭንቅላቱን ካወጣ በኋላ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን እዚያው ይቆያል፤ የቀረውን አስኳል ወደ ሰውነቱ እያስገባ ነውና እጃችሁን ሰብስቡ። የሚያግዙ መስሏቸው ጎትተው አውጥተው አስኳሉ ሆዱ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረባቸውን አይቻለሁ።

እያንዳንዱን በየራሱ ትንሽ ሣጥን አኑሩት፤ ክዳኑ ላይ የ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ ነገ አታገኙትም። ከሥሩ ነጭ ወረቀት ይነጠፍለት፤ መደበቂያ፣ ጥልቀት የሌለው የውኃ ዕቃና ማታ ማታ ጥቂት የውኃ ርጭት አይጉደልበት። በእኔ ግምት በዚህ ዕድሜ ከረኀብ ይልቅ የሚገድላቸው የውኃ ጥም ነው። አንድ ሳምንት አልፎት የመጀመሪያ ቆዳውን እስኪጥል ድረስ ምግብ አታቅርቡለት። ክዳኑን ስትከፍቱ ተጠምጥሞ ሻካራ የጎን ቅርፊቶቹን እርስ በርስ እያፋተገ እንደ እፉኝት ያፏጫል፤ አፉንም ከፍቶ ይወረወራል። ያ ሁሉ ማስፈራሪያ ከክር ብዙም ከማይወፍር ፍጥረት ሲወጣ ያስቃል፤ እሱ ግን የምር ፈርቷልና ክዳኑን መልሱለት።

የመጀመሪያውን ምግብ ሲመሽ ስጡት፤ የሌሊት እንስሳ ነው። በዚያው ሰሞን የተጣለ፣ ያልታጠበ እንቁላል፣ ከማቀዝቀዣ የወጣም ከሆነ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቃችሁ፣ ከወፎቹ ጎጆ ባመጣችሁት ሣርና ላባ መካከል አስቀምጡለት። እንዳይንከባለል በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ግልገሉ አፉን በገፋ ቁጥር እንቁላሉ የሚሸሸው ከሆነ ተስፋ ይቆርጣል። መብራቱን አጥፍታችሁ ውጡ። ማየት ካማራችሁ በደብዛዛ ብርሃን ከሩቅ ተመልከቱ። ምላሱ እንቁላሉን ዙሪያውን ይዳስሰዋል፤ አፍንጫው አንዱን ጫፍ ይነካል፤ ከዚያ በዚያች ጭንቅላት ይቻላል ብላችሁ የማታስቡት አፍ ይከፈታል። የመንጋጋው ቆዳ ተወጥሮ በቅርፊቶቹ መካከል ያለው ስስ ቆዳ ይታያል። እንቁላሉ አንገት ውስጥ ሲገባ እባቡ ይቆማል፤ አንገቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያጥፋል፤ ጸጥታ ካለ የቅርፊቱ መሰንጠቅ እንደ ቀጭን ጭራሮ ስብራት ይሰማል፤ እብጠቱም ቀስ እያለ ይሟሽሻል።

ጠዋት ወረቀቱ ላይ የምታገኙት ቅርፊት የግልገሉን ጤና ይነግራችኋል። የውስጥ ሽፋኑ ስብርባሪውን አያይዞት፣ ተጨምቆና ተጣጥፎ፣ ታንኳ መስሎ ከወጣ ሥራው በደንብ ተከናውኗል። አስኳል የሞላበት ከሆነ ወይም ቅርፊቱ ጨርሶ ካልወጣ ያንን ሣጥን ለይታችሁ ተከታተሉ። በበላ በሁለት ቀን ውስጥ ግልገሉን በእጃችሁ አትያዙ፤ በያዛችሁ ቁጥርም በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙናው ለእናንተ እጅ እንጂ ለእንቁላሉ አይደለም።

አልበላም ሲል አትደንግጡ። አዋቂው እባብ በዱር ወፎች የማይጥሉባቸውን ወራት ጾሞ ያሳልፋል፤ ግልገሉም ከአስኳሉ ባገኘው ስንቅ ጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። እናንተ የምታምኑት ሚዛኑን ይሁን። የግራም አሥረኛን በሚለይ ሚዛን በየሳምንቱ መዝናችሁ ጻፉ። ክብደቱ ባለበት ከቆየ በየአራትና አምስት ቀኑ አዲስ እንቁላል እያቀረባችሁ ጠብቁ። ተከታትሎ ከቀነሰና የጀርባ አጥንቱ መስመር ጎልቶ ከወጣ፣ የተመታ ጥሬ እንቁላል ጥቂት ጠብታ በቀጭን ለስላሳ ቱቦ መስጠት ይቻላል፤ ይህንን ግን የመጀመሪያ ጊዜ ስታደርጉ ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም አጠገባችሁ ይቁም። የሸሸ ሰው አትበሉኝ እንጂ፣ እኔ ቱቦ ያነሣሁባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነዚያም ውስጥ ቢያንስ ግማሹን አንድ ሳምንት ብታገሥ ኖሮ ራሱ ይበላ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እየበላ ያደገ ግልገል ውሎ አድሮ የፊንች እንቁላሉን በጥቂት ደቂቃ መዋጥ ይጀምራል፤ ሁለት አከታትሎ የሚውጥም አለ። ያን ጊዜ 5 ግራም ያህል የሚመዝነውን የቻይናዊት ድርጭት እንቁላል ከመካከሉ ትንሹን መርጣችሁ፣ በዚያው በለመደው ሣርና ላባ መካከል አድርጋችሁ ሞክሩት። የመጀመሪያውን ቢተወው ሁለት ሳምንት ወደ ፊንቹ ተመለሱና ደግሞ አቅርቡለት። የመጨረሻው ግልገል ወደ ድርጭቷ እንቁላል በተሻገረ ማግስት ፊንቾቹን ወንድና ሴት ለይታችሁ አሳርፏቸው።