የምድር ባቡሩን ልደት ማን ከማን ጋር ያክብረው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሌሊት ሐዲድ ሲፈትሽ ይይዘው የነበረው የናስ ፋኖስ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ባለፈው ዓመት የአባቴ ባልደረባ የነበሩ ጎረቤታችን ሲያርፉ፣ ቤተሰቡ ቤት ሲያጸዳ የአገልግሎት ዘመናቸውን ሙሉ የጻፏቸውን የጉዞ ደብተሮች ለቁራሌው በኪሎ ሸጣቸው። እኔ የደረስኩት ጆንያው ከተጫነ በኋላ ነበር። በቅርቡ በእንግሊዝ አገር የአንድ ሐዲድ 200ኛ ዓመት በብዙ ድርጅቶች ትብብር መከበሩን ሰማሁ። ባቡር ድሬዳዋ የገባበት 125ኛ ዓመትም እየቀረበ ነው። እዚያ ማን ምን ሠራ? ገንዘቡስ ከየት መጣ? እኛ ከየት እንጀምር?

አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ደብተሮቹ የጻፉትን ስናነብ ልባችን ተነክቷል፤ ወደዚያም እንመለሳለን።

የሰሙት በዓል የስቶክተንና ዳርሊንግተን ምድር ባቡር 200ኛ ዓመት ነው። ይህ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኝ ሐዲድ እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1825 ሲመረቅ፣ ጆርጅ ስቲቨንሰን «ሎኮሞሽን ቁጥር 1» የተባለችውን የእንፋሎት ባቡር እየነዳ የድንጋይ ከሰልና ዱቄት ከጫኑት ፉርጎዎች ጋር በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ከሺልደን በዳርሊንግተን በኩል እስከ ስቶክተን አድርሷል። ሐዲዱን ያሠራው መንግሥት አልነበረም፤ ኤድዋርድ ፒስ የተባለው የሱፍ ነጋዴና በእምነትም በንግድም የሚተማመኑ የአካባቢው ሰዎች ገንዘባቸውን አሰባስበው ነው። ኩባንያው በማኅተሙ ላይ ያስቀረጸው የላቲን ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሥጋቱ የግል፣ ጥቅሙ የሕዝብ» እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. የ2025ቱ በዓል ከመጋቢት እስከ ኅዳር የዘለቀ ሲሆን፣ ሐዲዱ የሚያልፍባቸው የሦስት አካባቢዎች ምክር ቤቶች፣ ማለትም የደርሃም፣ የዳርሊንግተንና የስቶክተን፣ ከቲስ ሸለቆ ጥምር አስተዳደር ጋር ሆነው መርተውታል። ገንዘቡ ከአንድ ኪስ አልወጣም። ምክር ቤቶቹ ከራሳቸው በጀት መድበዋል፤ ከሎተሪ ሽያጭ ለቅርስ ሥራ የሚውለውን ገንዘብ የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ፈንድና የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ደግሞ ድጋፍ ሰጥተዋል። በሺልደን ያለው የባቡር ሙዚየም፣ ባቡር የሚያንቀሳቅሱ ኩባንያዎችና የሐዲዱ ወዳጆች የበጎ ፈቃድ ማኅበር ደግሞ የየሙያቸውን አዋጥተዋል። የማኅበሩ አባላት አሮጌውን መስመር በእግራቸው እየተከተሉ የትኛው ድልድይ እንደቆመ፣ የትኛው የድንጋይ መሠረት በሣር እንደተሸፈነ ለዓመታት ሲመዘግቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በእኛ እምነት የበዓሉ አከርካሪ እነርሱ ናቸው፤ ምክር ቤት በጀት ሊመድብ ይችላል፣ የተረሳን ድልድይ ግን ፈልጎ የሚያገኘው የሚወደው ሰው ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ ለእርስዎ ይበልጥ ይጠቅማል ብለን የምናስበው ግን አንድ ጠብ ነው። ሎኮሞሽን ቁጥር 1 ከመቶ ዓመት በላይ የኖረችው በዳርሊንግተን ነበር። ብሔራዊው የባቡር ሙዚየም ወደ ሺልደን ሊያዛውራት ሲነሳ የዳርሊንግተን ምክር ቤትና ነዋሪዎች «የከተማችን ናት» ብለው ተቃወሙ፤ ክርክሩም በጋዜጣ ሳይቀር ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ባቡሯ ወደ ሺልደን ሄደች፤ ዳርሊንግተንም በአሮጌው ጣቢያዋ ዙሪያ ሆፕታውን የተባለውን የባቡር ቅርስ ስፍራ አድሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ከፈተች። በዓሉ አራት ዓመት ሲቀረው ጠቡን መጨረሳቸው በጃቸው፤ ጠቡ በበዓሉ ሳምንት ተነስቶ ቢሆን ኖሮ አንድ መድረክ ላይ አብረው አይቆሙም ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በአሮጌው መስመር ላይ የተጓዘችውም ቢሆን ለ150ኛው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራችው አምሳያዋ ናት። የያኔው በዓል ለዛሬው መሣሪያ ትቶለታል ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የእናንተም ሐዲድ በገንዘብና በባለቤትነት ክርክር የተፈተነ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው ከጅቡቲ ተነስቶ ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ስለነበር ሐዲዱ ከሥር ቀረ፤ ከተማዋም «አዲስ ሐረር» ተብላ በዚያው ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት፣ የአውሮፓ መንግሥታትም ተፎካክረውበት ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ፤ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ 125ኛው ዓመት የሚውለው በታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ነው። እንግሊዞቹ በዓሉ ሰባት ዓመት ሲቀረው ሐዲዱን ለይቶ የሚንከባከብ የቅርስ ፕሮግራም ጀምረው ነበርና የእናንተ ጊዜ አጭር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምንመክርዎ ገንዘብ መጠየቅን አይደለም። አሮጌው መስመር የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ሆኖ የኖረ በመሆኑ፣ ጣቢያው የማን ነው፣ በወርክሾፑ ያሉት የብረት መቅረጫ ማሽኖችና አሮጌ ፉርጎዎች የማን ናቸው፣ በዓሉ ሲያልፍስ ማን ይጠብቃቸዋል የሚሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመለሱ። ለዚህም የከተማው አስተዳደር፣ የቅርስ ባለሥልጣን፣ የምድር ባቡር ድርጅቱና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የየድርሻቸውን የሚያሰፍሩበት አንድ የመግባቢያ ሰነድ ይበቃል። የጅቡቲ ወገን ግን ለምረቃ ቀን በእንግድነት ከሚጠራ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይቀመጥ፤ ሐዲዱ የተነሳው ከእነርሱ ወደብ ነውና። ነጋዴውም ሆነ ባንኩ ሲለመን ጥያቄው የተለየ ይሁን፤ «በዓሉን ደግፉ» ከማለት «የዚህን አንድ ፉርጎ ጣሪያና ቀለም ቻሉ» ማለት ይሻላል፤ ሰጪው ገንዘቡ የት እንደዋለ ሄዶ ያያል።

ሰነዱ እስኪፈረም የማይጠብቅ ሥራ ደግሞ አለ፤ እርሱም የእርስዎ ነው። በእድሩ በኩል በሕይወት ያሉትን የምድር ባቡር ጡረተኞች ስምና አድራሻ ይመዝግቡ፤ ዕድሜያቸው ከገፋው ጀምረው ድምፃቸውን በስልክዎ ይቅረጹ። የትኛው ጣቢያ ላይ ምን ይጫን እንደነበር፣ ፊሽካው ስንት ጊዜ ሲነፋ ምን ማለት እንደነበር፣ ከፈረንሳይኛ ተወስደው በወርክሾፑ ውስጥ የተለመዱት የመሣሪያ ስሞች የትኞቹ እንደነበሩ ይጠይቋቸው። ደብተር፣ ትኬት፣ መታወቂያ ካርድ ያላቸው ቤተሰቦች ዕቃውን መስጠት ባይፈልጉ እንኳ ፎቶ እንዲነሳ ይፍቀዱልዎ፤ ባለቤቱ፣ የአገልግሎት ዘመኑና የነበረበት ክፍል ከፎቶው ጋር ይጻፍ። በከተማችሁ ያሉ ቁራሌዎችንም ያነጋግሩ፤ የምድር ባቡር ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲገጥማቸው በኪሎ ከሚያገኙት ጥቂት ጨምራችሁ እንደምትገዟቸው ካወቁ አስቀምጠው ይጠሯችኋል። የአባትዎን ፋኖስ ግን አሁኑኑ ለማንም አይስጡ። የሚያስረክቡት አካል ቁጥር ሰጥቶ፣ መዝግቦ፣ የተፈረመ ደረሰኝ የሚሰጥበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ከእርስዎ የተሻለ ጠባቂ የለውም።