የማን አገር ቡና ይሻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሮም ላይ የጠጣሁት ቡና ጣዕሙ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም። ኦስሎ ላይ ግን ቀጭን፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ሻይ የመሰለ ነገር ሰጡኝ። በቅርቡ ወደ ቬትናምና ጃፓን እሄዳለሁ። ብዙ አገር የዞራችሁ ንገሩኝ፣ የማን ቡና ይሻላል?» ነው ያልሽው። እኔ በሥራዬ ምክንያት ላለፉት 12 ዓመታት ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ስዞር ነው የኖርኩት። የትም ብደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥሩ ቡና የት እንዳለ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከኦስሎው ልጀምር። ያ ቡና ምንም አልሆነም። ሮምና ኦስሎ የሰጡሽ ሁለት የተለያዩ መጠጦች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ስማቸው ነው። ጣሊያን ውስጥ ቡናው ጠቆር እስኪል ይቆላል። ብዙ ጊዜ አረቢካ የሚባለው የቡና ዝርያ ላይ ሮቡስታ የሚባለው መራራው ዝርያ ይጨመርበታል፣ በተለይ ወደ ደቡቡ፣ ወደ ኔፕልስ በኩል። 7 ግራም ያህል በተፈጨ ቡና ውስጥ ሙቅ ውሃ በ9 ባር ግፊት ይገፋና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ሁለት ጉንጭ የማይሞላ ወፍራም ቡና ይወርዳል። ምሬት አለው፣ ክብደት አለው፣ አረፋ አለው። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ቡና ቆዪዎች ፍሬው ገና ሳይጠቁር ከእሳት ያወጡታል። ስለዚህ የፍሬው የራሱ አሲድ አብሮ ይቀራል፣ የኮመጠጠሽ እሱ ነው። ማጣሪያ ወረቀቱ ደግሞ ዘይቱን ይይዘዋል፣ ቀጥኖ የሚወርደው ለዚህ ነው።

እኔም የመጀመሪያውን ሲኒ ኦስሎ ላይ ግማሹን ትቼ ልነሳ ስል ስልክ ተደወለልኝ። አውርቼ ስጨርስ ቡናው ለብ ብሏል። አንዴ ፉት አልኩት። የበሰለ እንጆሪ የመሰለ ነገር ምላሴ ላይ መጣ፣ ቅድም በትኩሱ ያልነበረ። ከዚያ ወዲህ ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና ሲቀርብልኝ አልቸኩልም። አንቺም ድጋሚ ስትሄጂ አሥር ደቂቃ ያህል ታገሺው። ስኳር አትጨምሪበት፣ ያንን ጣዕም ይሸፍነዋል። ፊንላንዶችም ቀለል ያለውን ነው የሚወዱት። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ከዓለም ብዙ ቡና ከሚጠጡት ቀዳሚዎቹ ናቸው፣ በዓመት ለአንድ ሰው 12 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። እንደ ጣሊያን የጠቆረ ቢሆን ያን ያህል የሚጠጣ አይመስለኝም።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፣ ውሃው። አንድ ጊዜ ከኦስሎ ጥሩ ፍሬ ገዝቼ ለንደን ይዤ ሄድኩ። ያው ፍሬ፣ ያው መፍጫ፣ ያው ማጣሪያ። ሳፈላው ግን ጣዕሙ ድፍን ሆነብኝ፣ ጠመኔ ጠመኔ አለኝ። የኦስሎ ውሃ ለስላሳ ነው። የለንደን ውሃ ደግሞ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚመጣ ማዕድን ይበዛበታል፣ ማዕድኑም የቡናውን አሲድ ያፍነዋል። በማግስቱ ማዕድን ያነሰበት የታሸገ ውሃ ገዝቼ ሞከርኩት፣ ጣዕሙ ተመለሰ። ስለዚህ «የዚህ አገር ቡና አይረባም» ከማለትሽ በፊት ውሃውንም ተጠራጠሪ። ደግሞ የሆቴል ቁርስ ላይ በሚቀርበው ቡና አገር አይፈረድበትም። ማሞቂያ ላይ ሰዓታት የቆየ ቡና የትም ቢሆን ያረረ ነው።

ቱርክ ከሄድሽ ስኳሩን አስቀድመሽ ተናገሪ። ቡናው ጀዝቬ በምትባል እጀታዋ ረጅም በሆነች ትንሽ ማፍያ ውስጥ ከስኳሩ ጋር አብሮ ነው የሚፈላው፣ በኋላ ልጨምር ብትይ አተላውን ታማስይዋለሽ። ያለ ስኳር ከፈለግሽ «ሳዴ»፣ መካከለኛ ከሆነ «ኦርታ» በያቸው። ዱቄት እስኪመስል ስለሚፈጭ አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቂ፣ የመጨረሻውን ጉንጭም ተዪው። ዩኔስኮ የቱርክን የቡና ባህል እ.ኤ.አ. በ2013 በቅርስነት መዝግቦታል። በነገራችን ላይ ግሪክና ቦስኒያም ተመሳሳይ ቡና አለ፣ ግን የየራሳቸውን ስም ነው የሚሰጡት። አቴንስ ላይ «የቱርክ ቡና» ብለሽ ባታዢ ይሻላል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቡና ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በጣም ቀለል ብሎ ይቆላል፣ ሄል ይገባበታል፣ ቀለሙ ወደ ወርቃማ ያደላል። ትንሿን ሲኒ ጥቂት ብቻ ይሞሉልሻል፣ ስትጨርሺ እንደገና ይቀዳል። በቃኝ ለማለት ሲኒውን ወዘወዝ ማድረግ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሪያድ ላይ ሰባት ጊዜ ተቀድቶልኝ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ መንገድ ልምጣ። ቬትናም ከብራዚል ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት፣ የምታመርተውም በአብዛኛው ሮቡስታ ነው። የሮቡስታ ካፌይን ከአረቢካ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ አንድ ብርጭቆ ከጠጣሽ ለሊቱን እንቅልፍ አታገኚም፣ ደርሶብኛል። ግን እንዳያመልጥሽ። መጀመሪያ ብርጭቆው ስር ነጭ፣ ወፍራም፣ ጣፋጭ የጣሳ ወተት ያደርጋሉ። ከላይ ፊን የምትባል ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የብረት ማጣሪያ ትቀመጣለች። ውሃው ከተጨመረ በኋላ መጠበቅ ነው። አንድ ጠብታ፣ ቆይቶ ሌላ ጠብታ። ጥቁሩ ነጩ ላይ እየተኛ ይሄዳል፣ አይቀላቀልም። አራት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ አማስለሽ በረዶ የሞላ ብርጭቆ ላይ ትገለብጪዋለሽ። ያንን መራራ ሮቡስታ ሊችለው የሚችለው እንደዚያ ያለ ወተት ነው። ከላም የታለበ ትኩስ ወተት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የጀመሩት ነው፣ ዛሬ ወተቱ ሞልቶም የጣሳውን አልተዉም። የሃኖይ የእንቁላል ቡናም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ወተት ሲጠፋ ነው። አስኳል ከስኳር ጋር አረፋ እስኪሆን ይመታና ቡናው ላይ ይደፋል። እንቁላል እንቁላል ይሸታል ብለሽ አትፍሪ፣ እንደ ክሬም ነው።

ጃፓን ላይ ኪሳተን የሚባሉትን የድሮ ቡና ቤቶች ፈልጊ። ቶኪዮ ውስጥ በአንዱ አንድ ሽማግሌ በጨርቅ ማጣሪያ ሲያወርዱልኝ ከባንኮኒው ፊት ተቀምጬ አየሁ። ውሃውን የሚያፈሱት እንደ ክር አቅጥነው ነው። ቡናው እንደ ሊጥ እብጥ ሲል ቆም ይላሉ፣ ሲሟሽሽ እንደገና ይቀጥላሉ። ዓይናቸውን ለአፍታ አላነሱም፣ ማንም አላናገራቸውም። የወጣው ቡና ጥቁር ነበር፣ ግን ምሬቱ አይቧጥጥም፣ ልዝብ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ከሽያጭ ማሽን የጣሳ ቡና ታገኛለሽ። ዋጋው ላይ ቀይ ምልክት ካለ ትኩስ፣ ሰማያዊ ካለ ቀዝቃዛ ነው።

ቡና አብቃይ አገር ስለሄድሽ ብቻ ጥሩ ቡና ታገኛለሽ ማለት እንዳልሆነም እወቂ። ኮሎምቢያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ምርጡ ፍሬ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር፣ መንገድ ላይ የሚሸጠው «ቲንቶ» ከተረፈው ነው የሚፈላው። ኬንያ ሰው የሚያዘወትረው ሻይ ነው። አሁን ቦጎታም ናይሮቢም ላይ የራሳቸውን ምርጥ ፍሬ የሚያፈሉ ቤቶች አሉ፣ ግን ጠይቀሽ መሄድ አለብሽ። ስፔን ላይ ደግሞ ጥቁርና ሸካራ መራራ ከገጠመሽ ከስኳር ጋር የተቆላ ፍሬ ተቀላቅሎበት ይሆናል። እኔ አልወደውም።

እና የማን ይሻላል? ጠዋት ቆሜ ጠጥቼ ለመሮጥ ከሆነ የጣሊያንን የሚያህል የለም። ተቀምጬ ለማውራት የኢስታንቡሉን እመርጣለሁ። አንድ ብቻ ምረጥ ካልሽኝ ግን ጃፓን፣ በሽማግሌው እጅ ምክንያት። ከዚያ ፍሬ ልትገዢ ካሰብሽ ሳይፈጭ ግዢ፣ የተቆላበት ቀን ማሸጊያው ላይ መጻፉንም እይ። አስፈጭተሽ ከያዝሽው ግን ሻንጣሽን ስትከፍቺ ልብስሽ ነው ቡና ቡና የሚሸተው፣ መዓዛው ከቡናው ወጥቶ አልቋል።