ዘነበብን ወይስ ዘነበልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በዕረፍት ቀናት ከጓደኞቼ ጋር በእግር እንጓዛለን። በየካቲት መጨረሻ ከአንኮበር ወደ ወፍ ዋሻ ደን ስንሄድ ድንገት ዝናብ መጣና አንድ ገበሬ ቤት ተጠለልን። እኔ «ምነው ዛሬ ዘነበብን!» ስል አባወራው ፈገግ ብለው «ዘነበልን በል እንጂ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ክርክር ሆነ። አንዱ «በበጋ ምን ዝናብ አመጣው?» ይላል፤ ሌላው «ጸደይ ገብቷል» ይላል፤ ሦስተኛው «የምን በጋ፣ የምን ጸደይ፣ በልግ ነው» ብሎ ሁለቱንም ይገሥጻል። ከአዲስ አበባ የመጣው ጓደኛችን ደግሞ «የአየር ንብረቱ ዛሬ አስቸገረን፤ ለብርዱስ ክረምት ይሻላል ወይስ ጥቅምት?» እያለ ይጠይቃል። ማታ ላይ ሌላ ነገር ተነሣ። «ፀሐይ ገባች» ሲባል ቀኑ አለቀ ማለት ከሆነ፣ «ክረምት ገባ» ሲባል ለምን ጀመረ ማለት ይሆናል? እባክዎን ያስታርቁን።

መልስ፦ አባወራው እርስዎን አላረሙም፤ ዝናቡን ከእርስዎ ወገን ወደ ራሳቸው ወገን አዞሩት እንጂ። ሁለታችሁም ትክክለኛ አማርኛ ተናግራችኋል።

«ዘነበ» ብቻውን ሲነገር ለማንም አያደላም፤ ዜና ነው። ከግሱ ቀጥላ «ብ» ስትገባ ነገሩ በማን ላይ እንደ ደረሰ ይታወቃል፤ «ል» ስትገባ ለማን እንደ በጀ ይታወቃል። ፈረደበት፣ ፈረደለት፤ መሰከረበት፣ መሰከረለት፤ ጸለየበት፣ ጸለየለት። ዳኛው ያው፣ ፍርዱም ያው ሊሆን ይችላል፤ ከችሎት የሚወጡት ሁለት ባለጉዳዮች ግን አንዱ «ፈረደልኝ»፣ ሌላው «ፈረደብኝ» ብለው ይሄዳሉ።

እርስዎ ያሰቡት ስለ ጫማዎ፣ ስለ ቦርሳዎና ስለሚያዳልጠው ቁልቁለት ነው። እርሳቸው ያሰቡት ስለ ገብሱ ነው። በአንኮበር፣ በጣርማ በርና በመንዝ ከፍታዎች ክረምቱ ማሳው ላይ ውኃ ያስተኛል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ውርጭ እሸቱን ይለበልበዋል። ስለዚህ ገብሱን በበልግ የሚዘራ ገበሬ ብዙ ነው። የበልጉ ዝናብ ግን አመለኛ ነው፤ ይዘገያል፣ መጥቶ ይቋረጣል፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። ይህን ዝናብ ዐይናቸው እስኪቀላ ሲጠብቁ የቆዩ ሰው በገዛ ጣሪያቸው ሥር ተጠልሎ የሚያማርር እንግዳ ሲያገኙ በፈገግታ ማለፋቸው ጨዋነት ነው።

እርስዎንም ግን ያለ ጠበቃ አልተውዎትም። «ብ» የጉዳት ምልክት ብቻ አይደለችም። «የተቀመጥኩበት ወንበር» ስንል ቦታ ታመለክታለች፤ «የጻፍኩበት ብዕር» ስንል መሣሪያ ታመለክታለች። ስለዚህ «ዘነበብን» ያለ አንዳች ቅሬታ «በእኛ ላይ ዘነበ፣ ከዝናቡ ሥር ነበርን» ማለት ሊሆን ይችላል። «ል» ግን በዚህ አገባብ ቦታን የማመልከት ሥልጣን የላትም፤ «ዘነበልን» ያለ ሰው ደስ ብሎታል፣ ሌላ ትርጉም አይፈለግለትም። እንግዲህ በሕግ ፊት ነጻ ነዎት ልልዎት ነበር፤ የሚያስጠረጥርዎት «ምነው» ማለትዎ ነው። «ምነው» ባይጨመርበት ኖሮ ዘነበብን ማለትዎ ምሬት ነው ብሎ የሚከስዎት አይኖርም ነበር።

የሁለቱ ልዩነት ይበልጥ የሚጎላው ቃሉ በአሉታ ሲነገር ነው። ሠርግ ደግሶ ዳሱን በሜዳ የተከለ ሰው ማታ ላይ «ተመስገን፣ አልዘነበብንም» ይላል። የመንዝ ገበሬ በሚያዝያ «ዘንድሮ አልዘነበልንም» ካለ ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ መጠየቅ ያስፈራል፤ ገብስ የለም ማለት ነውና። የሁለቱም ሰማይ ደረቅ ነው። አንዱ ያመሰግናል፣ ሌላው ያዝናል፤ በመካከላቸው ያለው የአንዲት ፊደል ልዩነት ነው።

ስለ ጊዜም የምንናገረው በዚሁ መንገድ ነው። በተለመደው አነጋገር ንጋት «ል»ን፣ ምሽት «ብ»ን ይወስዳሉ፤ ነጋልን፣ መሸብን፣ ጨለመብን። ይህ ግን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ከመንዝ አፋፍ ላይ ሆኖ ፀሐይ ከአፋር ሜዳ ስትወጣ ለማየት በሌሊት የተነሣ ተጓዥ ቦታው ሳይደርስ ሰማዩ ከቀላ «ነጋብን፣ ፍጠኑ» ይላል። ሲጾም የዋለ ሰው ደግሞ «መሸልኝ» ቢል ማንም አይስቅበትም። ተማሪዎች «መሸ» ምን ጊዜም ከ«ብ» ጋር ነው ብለው ሲጽፉ ሳይ ቀይ ብዕሬን የማነሣው ለዚህ ነው።

ስለ ፀሐይና ስለ ክረምት የተነሣው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ደስ አሰኝቶኛል፤ ስንናገረው እየኖርን የማናስተውለው ነገር ነውና። «ገባ» የሚለው ግስ የት እንደ ተገባ ሳይነገር ብቻውን ሲቆም ቤትን ያመለክታል። «ከብቱ ገባ?» ሲባል በረቱን ነው፤ «ልጁ እስካሁን አልገባም» ሲባል የእናት የአባቱን ቤት ነው፤ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት «የማን ቤት?» የሚለው ነው። ፀሐይ የራሷ ቤት አላት፤ ጠዋት ከዚያ ትወጣለች፣ ማታ ወደዚያ ትገባለች፤ ጨረቃም እንዲሁ። ወቅት ግን የራሱ ቤት የለውም፤ በእንግድነት የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ክረምት ሲገባ እኛ ዘንድ ገባ፤ ሲወጣም ከእኛ ዘንድ ወጣ። ወሩም ጾሙም እንደ ክረምቱ ናቸው፤ መስከረም ገባ፣ ዐቢይ ጾም ገባ እንላለን። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢገናኙ እንኳ የሚደናገር አማርኛ ተናጋሪ የለም። «ክረምት ከገባ ወዲህ ፀሐይ ሳትገባ ይጨልማል» ቢባል የመጀመሪያው «ገባ» መጀመር፣ ሁለተኛው ማለቅ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

በነገራችን ላይ፣ ፀሐይ የምትወጣውና የምትገባው በሴት ጾታ ነው፤ ስትፋጅ ግን ብዙ ጊዜ ወንድ ትሆናለች። «ፀሐዩ ከረረ»፣ «ፀሐዩ አናቴን በላው» ይባላል። አካሏ ሴት፣ ትኩሳቷ ወንድ! ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ግድም ካለችው ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና ዳገቱን የጀመረ ሰው «ፀሐይ ወጣች» ብሎ «ፀሐዩ ገደለኝ» እስኪል ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም።

ጉም ግን ከፀሐይም ከክረምትም ወገን አይደለም። ከምሥራቁ ቆላ የሚነሣው ሞቃትና እርጥበት ያዘለ አየር ገደሉን ታክኮ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ይሆናል። ከሥር ደብረ ሲና ያለ ሰው «ጉሙ ወጣ» ቢል ወደ ላይ አዘገመ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ጣርማ በር ያለው ያንኑ ቢል ለቅቆን ሄደ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ስልክ ቢደዋወሉ አይግባቡም። ስለዚህ ለጉም የራሱን ግሶች መስጠት ይሻላል፤ ጉም ይወርዳል፣ ይሸፍናል፣ ሲሄድም ይገፈፋል። «ጉሙ እስኪገፈፍ እንቀመጥ» የሚል መሪ ያለው ቡድን ገደል አይገባም።

አሁን ወደ ሦስቱ ተከራካሪዎች። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ክፍል አለው፦ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። በዚህ ከሄድን የየካቲት መጨረሻ በጋ ነው፤ «በበጋ ምን ዝናብ አመጣው» ያለው ጓደኛዎ መጽሐፍ ይዞ ነው የተከራከረው። «ጸደይ ገብቷል» ያለው አንድ ወር ያህል ቸኩሏል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ዓመቱን የሚከፍሉት በሦስት ነው፦ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። በዚህኛው ሚዛን «በልግ ነው» ያለው ረትቷል።

የክርክሩ ሥር የቤተ ክርስቲያኑ ዝርዝር በልግን አለማንሣቱ ነው። የበልጉ ዝናብ ከየካቲት ሲጀምር በበጋ ውስጥ ይወለዳል፣ ጸደይ ውስጥ ያድጋል፤ በዝርዝሩ ግን ስም የለውም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ አቆጣጠሩ የተሠራው ለማኅሌትና ለበዓላት እንጂ ለዘር አይደለም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ቆማችሁ፣ ከፊታችሁ የታረሰ ማሳ እያያችሁ፣ ዝናብ እየመታችሁ ከሆነ ግን ድምፄን የምሰጠው ለበልግ ነው። አባወራውን ብትጠይቋቸውም ከዚህ የተለየ ነገር የሚነግሯችሁ አይመስለኝም።

ጸደይን በተመለከተ ቸኩሏል ያልኩት ጓደኛዎ ከብዙዎች የተሻለ ነው፤ ብዙዎች ጸደይን ጭራሽ ወደ መስከረም ይወስዱታል። አደይ አበባ ባየ ቁጥር «የጸደይ ጉዞ» ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ አስጎብኚ ሞልቷል። ግራ መጋባቱ የመጣው ከትርጉም ነው። የአውሮፓ ዓመት አንድ የአበባ ወቅት አለው፤ እርሱም በእኛ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይውላል። ወሩን እያዩ የተረጎሙ ሰዎች ያንን ጸደይ አሉት። አበባውን እያዩ የተረጎሙት ደግሞ ስሙን ይዘው ወደ መስከረም ተሻገሩ፤ ስሙ ሁለት ቦታ ተቀመጠ። የእኛ የአበባ ወቅት ግን ከድሮም ስም አጥቶ አያውቅም። ዘመነ ጽጌ የሚጀምረው መስከረም 26 ነው፤ መፀው የሚገባበት ቀንም ያው ነው። መፀው የመጽሐፍ ቃል ሆኖ ከከበዳችሁ ጥቢ በሉት፤ ገበሬውም ከተሜውም ይገባዋል።

የአዲስ አበባው ጓደኛዎ ክረምትን ከብርድ ጋር ማያያዙም የዚሁ የትርጉም ነገር ሳይሆን አይቀርም። በእኛ አገር ክረምት የዝናብ ስም ነው። እርግጥ የሐምሌ ቀን ይቀዘቅዛል፣ ልብስ አይደርቅም፤ ሌሊቱን ግን ደመናው እንደ ብርድ ልብስ የምድሩን ሙቀት ያቅባል። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ ሙቀቱ ሌሊቱን ሽቅብ ያመልጣል፤ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ውርጭ የሚወርደው ያኔ ነው፣ እስከ ታኅሣሥና ጥርም ይቆያል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለሐምሌ እንዲህ ያለ ምክር የሰጠ የለም። ስለዚህ መልሱ፦ ብርድ ለሚፈራ ሰው ከጥቅምት ክረምት ይሻላል፤ ጭቃ ለሚፈራ ሰው ከክረምት ጥቅምት ይሻላል። ሲመጣ ግን አንድ ነገር ንገሩት፦ የደጋ ሰው ብርድ፣ ቁር፣ ቆፈንና ውርጭን አይደባልቅም። ብርዱ ማንኛውም ነው፤ ቁሩ የበረታው ነው፤ ቆፈን ጣት አልታጠፍ ሲል ነው፤ ውርጭ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ነው። ጓሳን የመሳሰሉ ከ3,200 ሜትር በላይ ያሉ ቦታዎች የሚመደቡበት የአየር ጠባይ ክልል ራሱ ስሙ ውርጭ ነው። «ወደ ውርጭ እየሄድን ነው» ሲባል ስለ ቦታው ይሁን ስለ ሌሊቱ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ካፖርት ግን ለሁለቱም ያስፈልገዋል።

የቀረው «የአየር ንብረቱ ዛሬ አስቸገረን» የሚለው ነው፤ ይህ ስሕተት ነው፣ በሬዲዮም ስለሚሰማ መብት ያገኘ ይመስላል። የአየር ንብረት የአንድ አገር የረጅም ዘመን ጠባይ ነው፤ ባለሙያዎች የሚያጠኑት በልማድ የ30 ዓመት መረጃ አሰባስበው ነው። ዛሬ ከቀትር በኋላ ወፍ ዋሻ ላይ ያበሰበሳችሁ የአየር ሁኔታ ነው። ጓደኛዎ «አየሩ አስቸገረን» ቢልም ይበቃው ነበር።