ጥያቄና መልስ፦ የትምህርት ቤት መለያየት በሕግ ከተከለከለ በኋላ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ልጆቿ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በጥቁሮችና በስደተኞች ልጆች የተሞላ መሆኑን፣ አጠገባቸው ባለው ከተማ ግን ተማሪው ሁሉ ነጭ ነው ለማለት እንደሚቻል አጫወተችኝ። ይህ በሕግ ተከልክሎ የለም እንዴ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ክልከላውስ አለ፤ ጉዳዩ የተከለከለው ምን እንደሆነ ላይ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በብራውን መዝገብ በሙሉ ድምፅ ያገደው፣ መንግሥት ራሱ ሕግ አውጥቶ ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማሩን ነው። የደቡብ ግዛቶች ለዓመታት ቢያንገራግሩም፣ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ እንደሚያስቀርባቸው ሲያዩ ቀስ በቀስ እጃቸውን ሰጡ።

እህትዎ የምታየው ግን በአብዛኛው የሌላ ብይን ውጤት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነጭ ቤተሰቦች ከዲትሮይት ወደ ዳርቻ ከተሞች ጎረፉ፤ ጥቁሮች እንዳይከተሉ ደግሞ ባንኩም ቤት ሻጩም በር ዘጋባቸው። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በዚህ ሁኔታ በጥቁር ልጆች ሲሞሉ፣ የፌዴራል ዳኛው ስቴፈን ሮት ዲትሮይትን ከ53 የዳርቻ የትምህርት ወረዳዎች ጋር የሚያቀላቅል ዕቅድ እንዲዘጋጅ አዘዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በሚሊከን መዝገብ፣ የዳርቻዎቹ ወረዳዎች ልጆችን በመለያየት ጥፋት መፈጸማቸው አልተረጋገጠም በማለት ትእዛዙን 5 ለ4 ሻረው። በብራውን መዝገብ ለጥቁር ተማሪዎች ጥብቅና ቆመው የነበሩት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በሐሳብ ተለዩ። አዌቱ ወዲያና ወዲህ ያሉት የጅማ ትምህርት ቤቶች የየራሳቸው ግብርና በጀት ቢኖራቸው፣ ፍርድ ቤትም ወንዙን ድንበር አድርጎ ቢያጸና ምን እንደሚከተል ያስቡት። በእኔ እምነት የዛሬውን የአሜሪካ ትምህርት ቤት መልክ የሰጠው ከብራውን ይልቅ ይህ ብይን ነው።

የበጀቱም ነገር ከዚህ አይለይም። አብዛኛው ወረዳ ከበጀቱ ጉልህ ድርሻ የሚያገኘው ከቤትና ከመሬት ግብር ስለሆነ ውድ ቤት ያለበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም ይደላዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1973 በሮድሪገዝ መዝገብ ይህን አሠራር አልነካውም። ተከራካሪዎች ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ግዛት ሕገ መንግሥቶች አዞሩ። የኮነቲከት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በሼፍ መዝገብ፣ ማንም ሆን ብሎ ባይለያያቸውም የሃርትፎርድ ልጆች መነጠል የግዛቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ሲል 4 ለ3 ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ የከተማና የዳርቻ ልጆች በዕጣ አብረው የሚገቡባቸው ማግኔት ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል።

እህትዎም የትምህርት ወረዳዋ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ወደ ሌላ ወረዳ መዛወር ይፈቀድ እንደሆነ፣ ማግኔት ትምህርት ቤት ካለም የዕጣ ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ ብትጠይቅ ይበጃታል፤ ምዝገባው ብዙ ጊዜ ትምህርት ከሚጀመርበት ወቅት ወራት ቀድሞ ያበቃል።