ታይተው የተረሱት፦ ስለ ዋሽንግተን ኳስ ጥያቄዎቻችሁ

(ኳስ የምንለው እዚህ የአሜሪካ ፉትቦልን ነው፤ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትንና የሚወረወረውን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቡድኑ ዛሬ ኮማንደርስ ይባላል፤ እስከ 2020 ድረስ ሬድስኪንስ ነበር።)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። ቤታችን ውስጥ ከኮማንደርሱ ጄይደን ዳኒልስ ሌላ ወሬ የለም። አባቱ «የድሮዎቹን ባየህ!» ይለዋል። ስም ጥራ ሲባል ግን ሪጊንስ ብሎ ያቆማል። እስቲ ሰው የማያነሳው፣ ልጄን ግን የሚያስደንቀው አንድ ተጫዋች ይንገሩኝ።
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ በባለቤትሽ አትፍረጂ። ሯጩን ጆን ሪጊንስን የማያውቅ የዚህ ከተማ ሰው የለም። ጆ ታይስማን፣ አርት መንክ፣ ዳረል ግሪን፣ ነፍሱን ይማረውና ሾን ቴይለር፣ እነዚህን ማንም ይጠራቸዋል። ለልጅሽ የምነግረው ስለ ብራያን ሚቸል ነው።

ልጅሽ ምናልባት ድምፁን ያውቀዋል። ሚቸል ጨዋታ ካቆመ በኋላ እዚሁ ከተማ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስለ ኳስ ሲያወራ ነው የኖረው። ታክሲ ስነዳ ስንቱን የትራፊክ መጨናነቅ ከእሱ ጋር አሳልፌያለሁ። ሲናደድ አይጣል ነው። ያኔ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ጮክ አርገው ይለኛል።

ሰውየው የሉዊዚያና ልጅ ነው። ኮሌጅ ሳለ ኳርተርባክ ነበር፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ሰው፤ ኳሱን ወርውሮ ከ5,000 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) በላይ፣ በእግሩ ሮጦ ደግሞ ከ3,000 ያርድ በላይ በማስመዝገብ በኮሌጅ ኳስ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። እንዲያም ሆኖ በ1990 ድራፍት (ቡድኖች ከኮሌጅ የወጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ዋሽንግተን የወሰደው በአምስተኛው ዙር፣ 130ኛ አድርጎ ነው። ያውም ለኳርተርባክነት አልነበረም። ኳስ መልስ ተባለ።

ኳስ መመለስ ምን መሰለሽ? ተጋጣሚው ኳሱን ከሩቅ ይጠልዘዋል። አንድ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ ብቻውን ይጠብቃል። ኳሱ ገና አየር ላይ እያለ አንድ መንጋ ጎረምሳ በሙሉ ፍጥነት ወደ እሱ ይመጣል። የእሱ ዓይን ግን ሰማይ ላይ ነው። ይቀልብና ይሮጣል። አብዛኞቹ መላሾች ቀለል ያሉ፣ ከሰው የሚያመልጡ ናቸው። ሚቸል ደንዳና ነበር። መንገድ ካጣ በሰው ላይ ይሄዳል።

ይህን ሥራ 14 ዓመት ሠራው፤ አሥሩን በዋሽንግተን። በኪክኦፍ፣ ጨዋታ ሲጀመርና ነጥብ ከተቆጠረ በኋላ በሚጠለዘው ኳስ፣ 14,014 ያርድ መለሰ። በፐንት፣ ተጋጣሚው ማጥቃቱ አልሳካ ሲለው በሚጠልዘው ኳስ፣ 4,999። አንዲት ያርድ! ልጅሽ በዚህ መሳቁ አይቀርም። ሮጦም ተቀብሎም ያገኘው ሁሉ ሲደመር 23,330 ያርድ ይመጣል። በኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ዋናው ሊግ) ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ 23,546 ያለው ጄሪ ራይስ። ዋልተር ፔይተን ከሚቸል በታች ነው። ኤሚት ስሚዝም ከሚቸል በታች ነው። ይህን ስናገር የማያምነኝ ሰው ብዙ ነው፤ ስልኩን አውጥቶ ይፈትሻል፣ ከዚያ ዝም ይላል።

አንድ ምሽት ልጨምርልሽ። ኅዳር 1990፣ ፊላዴልፊያ፣ ሰኞ ማታ። ሚቸል ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። የዋሽንግተን ተጫዋቾች እየተሰበሩ ይወጣሉ፤ ሁለቱም ኳርተርባኮች ተጎዱ። ማን ይግባ? ሚቸል ገባ። ጨዋታው ያለቀለት ቢሆንም ልጁ ራሱ ይዞ ሮጦ ተችዳውን (ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር በማለፍ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። 28 ለ14 ተሸነፉ። በጥር ወር ለፕሌይኦፍ፣ ለጥሎ ማለፉ፣ እዚያው ሜዳ ተመልሰው ግን 20 ለ6 ቀጧቸው።

ምስጋናው ምን ሆነ? በ2000 ዝነኛው ተከላካይና ኳስ መላሽ ዲዮን ሳንደርስ በትልቅ ገንዘብ መጣ፣ ሚቸል ተሰናበተ። ሳንደርስ አንድ ዓመት ቆይቶ ሄደ። ሚቸል ዋና ባላንጣችን ወደሆነው ፊላዴልፊያ ተሻግሮ ሦስት ዓመት እዚያ ኳስ መለሰ። እኔ በዚያ ዓመት በቡድኑ በጣም ነበር ያዘንኩት።

ካንተን፣ ኦሃዮ ያለው የዝነኞች አዳራሽ እስካሁን በሩን አልከፈተለትም። ዴቪን ሄስተር በ2024 በኳስ መላሽነቱ ገብቷል፤ ይገባዋልም። የሚቸል ተቃዋሚዎች «የ90ዎቹ ዋሽንግተን ብዙ ነጥብ ይቆጠርበት ነበር፣ ስለዚህ የሚመለስ ኳስ በዛለት» ይላሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ሄስተር ከሚቸል ይበልጥ አደገኛ ነበር፤ ይህንም እቀበላለሁ። ግን ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ቦታ ቆሞ ምቱን የሚችል ሌላ ሰው አምጡልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ደግሞ የምከራከረው ለቲሚ ስሚዝ ነው። በሱፐር ቦውል፣ በሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ 204 ያርድ ሮጧል። እስከ ዛሬ ያን የሰበረ የለም። ግን ማን ያስታውሰዋል?
ታክሲ ነጂ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሙያ ባልደረባዬ ስለሆንክ በቀስታ ነው የምመልስልህ። ስሚዝን አንተ አስታወስከው፣ እኔም አስታወስኩት። ለአንድ ሌሊት ሥራ ይህ አያንስም።

የዚያን ቀን አዳምስ ሞርገን አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ጥር 31 ቀን 1988፣ ሳን ዲዬጎ፣ ከዴንቨር ጋር። በመጀመሪያው ሩብ ዴንቨር 10 ለ0 ሲመራን ግማሹ ሰው ሒሳቡን ጠየቀ። በሁለተኛው ሩብ 35 ነጥብ! ዳግ ዊሊያምስ ይወረውራል፣ ሪኪ ሳንደርስ ይቀበላል፣ ስሚዝ ይሮጣል። 42 ለ10 አለቀ። ስሚዝ አዲስ ገቢ ነበር። አሰልጣኙ ጆ ጊብስ ልጁ እንዳይረበሽ ብሎ እንደሚሰለፍ የነገረው ጨዋታው ሊጀመር ሲል ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ስጠኝ ካልክ፦ ስሚዝ በመደበኛው የውድድር ዘመን ዕድሜ ልኩን የሮጠው 602 ያርድ ነው። ዋሽንግተን በዚያ አንድ ጨዋታ እንደ ቡድን ያገኘውም 602 ያርድ ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ታዲያ ያን ምሽት መንገዱን የጠረገው ማን ነው?

ጆ ጃኮቢ ነው የኔ መልስ። ሁለት ሜትር ከምናምን፣ ወደ 140 ኪሎ የሚጠጋ ሰው። በ1981 ከሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ በድራፍት የጠራው ቡድን አልነበረም። ጊብስ ራሱ መጀመሪያ ሲያገኘው የተከላካይ መስመር ተጫዋች መስሎት እንደነበር ይነገራል። ከዚያ «ሆግስ» በተባለው የአጥቂ መስመር በግራ ጫፍ ቆመ፤ በኋላ ወደ ቀኝ ቢዛወርም ለዚህ ቡድን 13 ዓመት ተጫወተ። ሦስት ሱፐር ቦውል በላ፤ በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች።

«ካውንተር ትሬይ» የሚሉት ጨዋታ ነበራቸው። ሯጩ ወደ አንድ ወገን ይራመዳል፤ ተከላካዩ ይከተለዋል። በዚያው ቅጽበት ሁለት ግዙፍ ሰዎች ከመስመሩ ተላቀው ወደ ተቃራኒው ወገን ይሮጣሉ፣ ሯጩም ዞሮ በእነሱ ጀርባ ይገባል። የጃኮቢን ያህል ሰውነት ይዞ እንዲያ መሮጥ ያስገርማል። የድሮ ፊልም ካገኘህ ኳሱን ተወውና እሱን ተመልከት።

የሪጊንስን ዝነኛ ሩጫም አስብ። ጥር 1983፣ ፓሳዲና። ማያሚ 17 ለ13 ይመራል፤ አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ፣ የቀረው አንድ ያርድ። ሪጊንስ 43 ያርድ ሮጦ አገባ። በየት በኩል? በግራ። ግራው የጃኮቢና የረስ ግሪም ሰፈር ነው። ግሪም በ2010 ካንተን ገባ። ጃኮቢ ለመጨረሻው ዙር ደጋግሞ ቀርቦ ቀረ። የመስመር ሰው ያርድ የለው፣ ተችዳውን የለው። ሠርግ ቤት ወጡን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ይህም እንደዚያ ነው።

ሌላም አለ። ኅዳር 1985 የኒው ዮርክ ጃየንትሱ ተከላካይ ሎረንስ ቴይለር የኳርተርባካችንን የታይስማንን እግር የሰበረበትን ምሽት ሁሉም ያውቃል። ጃኮቢ ያን ምሽት ተጎድቶ ከሜዳ ውጭ ነበር። ቢኖር አይደርስም ነበር ማለት አልችልም። ግን ያን ፊልም ባየሁ ቁጥር ቦታውን እፈልጋለሁ።

በነገራችን ላይ ለሆግስ ክብር ቀሚስ ለብሰው፣ የአሳማ አፍንጫ አጥልቀው የዚያን ጊዜው የቡድኑ ሜዳ አርኤፍኬ ስታዲየም የሚመጡ ጎልማሶች ነበሩ። መጀመሪያ በቴሌቪዥን ሳያቸው ይኼ አገር አበደ ብዬ ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ በ1972 ለትምህርት ነው የመጣሁት። ላሪ ብራውን የሚባል ሯጭ ትዝ ይለኛል። ልጆቼ ግን ፈጥረህ ነው ይሉኛል።
አንባቢ፣ ከአርሊንግተን

መልስ፦ አባቴ፣ አልፈጠሩም። የመጡበት ዓመት የእሱ ዓመት ነበር። በ12 ጨዋታ 1,216 ያርድ ሮጦ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ቡድኑም ሱፐር ቦውል ደርሶ በማያሚ 14 ለ7 ተሸነፈ።

ለልጆችዎ ግን የ1969ን ይንገሯቸው። ብራውን በስምንተኛው ዙር ነው የመጣው። አሰልጣኙ ቪንስ ሎምባርዲ ነበር፤ ዋሽንግተንን ያሠለጠነው ያን አንድ ዓመት ብቻ ነው። ልጁ ጎበዝ ሆኖ ሳለ ኳሱ ሲነሳ ሁሌም ለአፍታ ይዘገያል። ሌላ አሰልጣኝ ሰነፍ ብሎ ያባርረው ነበር። ሎምባርዲ ጆሮውን አስመረመረው። አንደኛው ጆሮው አይሰማም። ሊጉን አስፈቅደው ሄልሜቱ ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ ተገጠመለት። በቀጣዩ ዓመት 1,125 ያርድ ሮጦ ሊጉን መራ፤ በዚህ ቡድን ታሪክ በአንድ ዓመት ከሺህ ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ሰውነቱ ትልቅ አልነበረም፤ ግን ኳሱን ያለማቋረጥ ለእሱ ይሰጡት ነበር፣ እሱም ከማንም ጋር ይጋጫል። ጉልበቱ አልቻለም። በስምንት ዓመት ጨረሰ። ረጅም ዕድሜ ቢኖረው ዛሬ ልጆችዎ አይጠራጠሩም ነበር።

ጥያቄ፦ ከእኛ ዘመንስ ማንም የለም እንዴ?
ተማሪ፣ ከዉድብሪጅ

መልስ፦ ለንደን ፍሌቸር አለልህ ልጄ። በድራፍት ያልተጠራ፣ ለላይንባከር (ከፊት መስመሩ ጀርባ የሚቆም ተከላካይ) አጭር ነው የተባለ ሰው። ከ2007 እስከ 2013 እዚህ ተጫወተ። በ16 ዓመት የሙያ ዘመኑ 256 ጨዋታ ነበረ፤ 256ቱንም ተጫወተ። አንድም አልቀረም።

ኳስ ተቀባዩን ጌሪ ክላርክን ዘለልክ ብላችሁ የምትቆጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል፤ በሚቀጥለው እትም እመጣበታለሁ።